የአሰብ መንገድ

ከወልድያ ተነስተን ወደ ደቡብ ስንጓዝ መንገዱ የባለቤቴ ሆነ። እስከዚያ ድረስ ሁለታችንም እንግዶች ነበርን። የዓባይን በረሃ ወርደን ስንወጣ፣ ጥምቀትን ጎንደር ስናከብር፣ ሊማሊሞን ትንፋሻችንን ውጠን ስንወርድ፣ አክሱም ላይ በ1997 ዓ.ም ከሮም የተመለሰውን ሐውልት አንጋጠን ስናይ፣ እሱም እንደኔ የመጀመሪያው ነበር። ነነዌን ላሊበላ ጾመን ወልድያ ከወረድን በኋላ ግን አቀማመጡ ራሱ ተለወጠ። መስታወቱን አስተካከለ፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ፤ መታጠፊያው ሳይደርስ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለውን ይነግረኝ ጀመር። “አሁን ድልድይ አለ” ይላል፤ ድልድዩ ይመጣል። “አሁን በቀኝ በኩል አንድ ትልቅ ዋርካ አለ” ይላል፤ ዋርካው የለም። ትንሽ ዝም ይልና ቀጥሎ ያለውን ይጠራል።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ጉልምስናውን የጨረሰው ኤንትሬ ፊያት ከነተሳቢው እየነዳ፣ ከአሰብ ወደብ ጭነት ሲያመላልስ ነው። ጭነቱ የመሀል አገር ከሆነ ከሚሌ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ የወሎ ከሆነ በባቲ ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል፤ ከዚያ ደሴ፣ ሲያልፍም ወልድያ። እኔ አስተማሪ ነበርኩ። አቃቂ ተቀምጬ የሰውንም የራሴንም ልጆች አሳደግሁ። በዚያ ዘመን ስልክ በየቤቱ የለም። ሲሄድ መሄዱን አውቃለሁ፤ ሲመለስ መመለሱን አውቃለሁ፤ መሀሉን አላውቅም። መሀሉን የማውቀው በስም ብቻ ነበር። ሐረጎ፣ ጣርማ በር፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ። እነዚህ ስሞች ቤታችን ውስጥ እንደ ሩቅ ዘመድ ይነሱ ነበር፤ “ዛሬ ጣርማ በር ላይ ጉም ይዞት ይሆናል” እንላለን፤ “ዛሬ ኤሊዳር ደርሷል” እንላለን። ልጆቼ ባሕር ዳር የት እንደሆነ ሳያውቁ ሚሌን ያውቁ ነበር።

በ2007 ዓ.ም የወንድሜን ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ተውሰን ሰሜኑን ለመዞር ስንነሳ፣ ለሰው የነገርነው ታሪካዊ ቦታዎችን ለማየት መሆኑን ነው። አይተናልም፤ ደስ ብሎናልም። እኔ ግን ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ በልቤ የምጠብቀው ይህን የመመለሻውን መንገድ ነበር።

መርሳን አልፈን ውጫሌ ስንደርስ “እባክህ ቁም” አልኩት። ለተማሪዎቼ ስለ ውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም እያልኩ፣ አንቀጽ 17 እያልኩ፣ ከዚያም ወደ ዓድዋ የወሰደንን ጠብ በጠመኔ እየጻፍኩ ፀጉሬ ሸብቷል። ውጫሌን ግን አይቼ አላውቅም ነበር። መንገድ ዳር ወርጄ ቆምኩ። ሱቅ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ጫት የሚሸጡ ሴቶች አሉ፣ ከኋላ የአምባሰል ተራራ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። ውሉ የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ነው ብለው አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው አሳዩኝ። እኔ ያንን ሳይ፣ እሱ በሌላው በኩል አንድ በር ይፈልጋል። “እዚህ ጋ ጎሚስታ ነበር” አለኝ። “ሌሊት በስምንት ሰዓት ብታንኳኪበት የሚከፍት ሰው።” ጎሚስታው የለም፤ በቦታው ሞባይል የሚጠግን ልጅ አለ። ልጁ “አባቴ ነበር” አለ። ባለቤቴ እጁን ይዞ ለረጅም ጊዜ አለቀቀውም። ውጫሌን እንዲህ አየናት፤ እኔ በውሉ፣ እሱ በጎማው።

መኪና ውስጥ የማሪቱ ለገሰን ካሴት ነበር ያስቀመጥነው። የአምባሰልን ቅኝት በአምባሰል ተራራ ሥር እያለፉ መስማት ምን እንደሚመስል መጻፍ አልችልም፤ የሄደ ሰው ያውቀዋል።

ሐይቅ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ። ያን ሁሉ ዓመት በአጠገቡ ሲያልፍ ሐይቁ ዳር ወርዶ አያውቅም። ጭነት የያዘ ሰው አይወርድም። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ነው፤ ሴት አይገባም። ባለቤቴ ነጠላውን አጣፍቶ ብቻውን ገባ፤ እኔ ውኃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሐይቁ ጠፍጣፋና ሰማያዊ ነበር፤ የታንኳ ቀዛፊዎቹ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። እንደ ድሮው እሱ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ፣ ብዬ አሰብኩ። ግን ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ተመለሰና አጠገቤ ተቀምጦ ያየውን አንድ በአንድ ነገረኝ፤ ያሳዩትን የብራና መጽሐፍ፣ የዕቃ ቤቱን በር፣ የአንዱን መነኩሴ ሳል ሳይቀር። ከአሰብ ሲመለስ እንዲህ ነግሮኝ አያውቅም። ሲመለስ ይታጠባል፣ ይተኛል፣ በማግስቱ ስለ ዘይትና ስለ ፍሬን ያወራል።

ደሴ ብዙ አልቆየንም። ጦሳ ላይ ጉም ነበር፤ ብርዱም ጠንካራ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም የጣሊያን አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ እዚህ እያሉ ከተማዋን ሲደበድቡ ሆስፒታሉ ሳይቀር ተመትቷል፤ ይህንንም አስተምሬዋለሁ፤ ደሴ ቆሜ ሳስበው ግን የተራራው ቅርበት አስደነገጠኝ። ሰው የሚሸሽበት ሜዳ የለም።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሐረጎ ነው። ሐያ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በዚያች ርቀት ግን ከደጋ ወደ ወይና ደጋ ትወርዳለህ። ባለቤቴ ትንሿን መኪና ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ አስገብቶ ፍሬን ሳይነካ ይወርድ ጀመር። የሹፌሮች ሕግ ነው አለኝ፤ ቁልቁለትን በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ከነተሳቢው ስትወርድ ፍሬን ከያዝክ ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ ከሸተተ በኋላ ብትረግጠውም አይሰማህም። አንድ መታጠፊያ ላይ ዳር ይዞ ቆመ። ወረደና ወደ ገደሉ አየ። ጓደኛው ፍሬን እምቢ ብሎት የገባበት ቦታ ነው። አማተበና ተመልሶ ገባ። የጓደኛውን ለቅሶ አስታውሳለሁ፤ ድንኳኑ ውስጥ ከሚስቱ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ቦታውን ግን ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ ልጆቹ ባደጉ፣ ሚስቱም ባረፈች በስንት ዘመኗ።

ኮምቦልቻ መገንጠያው ጋ ስንደርስ እሁድ ከሰዓት ሆኗል። አንዱ መንገድ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ ቤታችን ይወስዳል። ሌላው ወደ ባቲ ነው። በዕቅዳችን ባቲ አልነበረችም፤ ሁዳዴ ሳይገባ ቤታችን ደርሰን ቅበላን ከልጆቻችን ጋር ልንውል ተነጋግረናል። እሱ ግን ፍጥነቱን ቀነሰ። “ነገ ሰኞ ነው” አለ። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። “እንሂዳ” አልኩት። ኮምቦልቻ አደርን።

የካቲት 2 በማለዳ በደጋንና በገርባ በኩል ወረድን። አየሩ በየመታጠፊያው ይሞቃል። መጀመሪያ ፍየል በዛ፣ ከዚያ ግመል መጣ። የባቲ ገበያ ሰፊ ሜዳ ላይ ነው። አፋሩ ከቆላ ግመልና ፍየል እየነዳ፣ ጨው ጭኖ ይወጣል፤ ኦሮሞውና አማራው ከደጋ እህል፣ ቅቤ፣ ጨርቅ ይዞ ይወርዳል፤ መሀል ላይ ይገናኛሉ። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ሽታ፣ የግመል ሽታ፣ የተፈጨ በርበሬ ሽታ አንድ ላይ ይመጣል። ሦስት ቋንቋ ባንድ ጊዜ ይሰማል፤ ሻጭና ገዢ ግን ምንም አይቸገሩም።

እዚያ መሀል ባለቤቴ ወደ አንድ ጊሌ የታጠቁ አፋር ሽማግሌ ጠጋ ብሎ በአፋርኛ ሰላምታ ሰጣቸው። እጃቸውን ሳመ፣ እጁን ሳሙት፤ ረጅም ሰላምታ ነው፤ የሰው፣ የከብት፣ የዝናብ ደህንነት ይጠየቃል። ቆሜ እመለከተዋለሁ። ከዚህ ሰው ጋር ልጆች ወልጄ አሳድጌ፣ ድሬ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ አፋርኛ መናገሩን አላውቅም ነበር። ድምፁ ሌላ ነበር። ቀለል ያለ፣ ወጣት ድምፅ። ሽማግሌው ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ምን አሉህ ብዬ ስጠይቀው “ውኃ ሰጥተንህ ይሆናል አሉኝ” አለ። ራዲያተር ሲፈላ፣ ጎማ ሲፈነዳ፣ በረሃ ላይ ቀናት ሲቆም ያተረፉት እነሱ ናቸው።

ጀበና ከጣዱ ሴቶች አንዷ ዘንድ ቡና ልንጠጣ ተቀመጥን። “ከየት ናችሁ አባባ?” አለችው። ሹፌር እንደነበር ሲነግራት “የአሰብ ሹፌር?” አለች፣ ፍንጃሉን እንደያዘች። በልጅነቷ ባቲ ሌሊት አትተኛም ነበር አለች። መኪናው በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ያድራል፤ ምግብ ቤቱ ሁሉ መብራት እንዳበራ ያነጋል። ግንቦት 1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር አሰብ ተዘጋ። ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ የአዲስ አበባው መኪና በአዋሽና በሚሌ ይሄዳል፣ ባቲን አይነካትም። “ሹፌሮቹ ቀሩ፤ ከዚያ ልጆቻችን ሄዱ” አለች። የእሷ ልጅ ሳውዲ ናት። ሦስተኛውን ቀድታ “አብሽሩ፣ ጠጡ” አለችን።

ከገበያው ስንወጣ ወደ ኮምቦልቻ የምንመለስ መስሎኝ ነበር። እሱ ከከተማው ዳር ወዳለ ባዶ ተዳፋት ወሰደኝና ሞተሩን አጠፋ። ድንጋይ፣ ጥቂት ግራር፣ ልብስ ያሰጡ ሁለት ቤቶች። “እዚህ ነበር” አለኝ።

የ1977ን ረሃብ ማለቱ ነው።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ የኮረም ሥዕል በቴሌቪዥን ዓለምን ዞረ። ባቲም እንደ ኮረም ነበረች፤ ከየተራራው የወረደው ሰው እዚህ ተዳፋት ላይ በድንኳንና በሜዳ ፈሶ ነበር። ስንዴው በመርከብ አሰብ ይደርሳል። ከአሰብ እዚህ የሚያደርሰው መኪና ነው፤ መኪና ደግሞ ጥቂት ነበር። ባለቤቴና ረዳቱ ሌሊትና ቀን አልለዩም። በዚያ ሙቀት ከአሰብ ወጥተው፣ ቡሬን፣ ማንዳን፣ ኤሊዳርን፣ ሚሌን አልፈው ንጋት ላይ ባቲ ይደርሳሉ። ንጋት ላይ ደግሞ በሌሊት ያረፉት ሰዎች ተሰልፈው፣ ተጠቅልለው የሚተኙበት ሰዓት ነው። “መብራቱን አጠፋ ነበር” አለኝ። “ከመድረሴ በፊት መብራቱን አጠፋለሁ። ፊታቸው ላይ እንዳላበራ።”

አንድ ቀን ሲያራግፉ ሁለት ጆንያ ተቀደደ። ስንዴው ከጎማው ሥር አቧራው ላይ ፈሰሰ። ሴቶችና ሕፃናት ከመኪናው ሥር ገብተው አንድ አንድ ፍሬ ይለቅሙ ጀመር። ከኋላ ሌላ መኪና ቆሟል፤ አስተባባሪው ውጣ፣ አንቀሳቅስ ይላል። ባለቤቴ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ወርዶ ጎማው አጠገብ ቆመ። የመጨረሻዋ ሕፃን የመጨረሻውን ፍሬ ለቅማ እስክትወጣ አልነቀነቀውም። ረዳቱ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ተሳቢው ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ባለቤቴ ይህን ሲነግረኝ ሁለት እጁ መሪው ላይ ነበር። ከነገረኝ በኋላም አላወረደውም።

እኔ ከዚያ ዓመት የማስታውሰው ሌላ ነገር ነው። ከመንገድ ሲመጣ ከልጆቹ ፊት እህል አይቀምስም። ሰሃኑን ይዞ ጓሮ ይወጣል፤ ግማሹን ይመልሳል። እንጀራ ወድቆ ካየ አንስቶ ይስመዋል። ጨጓራ ነው ተብሎ ነጭ ሽሮፕ ይጠጣ ነበር። አልነገረኝም፤ በዚያን ጊዜ የሚናገር ሰውም አልነበረም።

ስለዚያ ዘመን የተጻፈ ብዙ አንብቤአለሁ። ሐምሌ 1977 ዓ.ም ለንደንና ፊላደልፊያ ውስጥ የተዘፈነውን፣ የተሰበሰበውን ገንዘብ፣ የተላኩትን አውሮፕላኖች፣ የመጡትን ጋዜጠኞችና ሐኪሞች። ሁሉም ይገባቸዋል። ባስተማርኩበት መጽሐፍ ውስጥ ግን አንድም ሹፌር፣ አንድም ረዳት አልነበረም። እህሉ ከመርከብ ወደ ሰው እጅ በራሱ አልሄደም። በኤንትሬ ሄደ፤ ጎማ በክሪክ እያነሱ፣ በተቀደደ ከመነዳሪ ውስጥ ጨርቅ እየጠቀጠቁ፣ እንቅልፍ በጫት እያባረሩ የነዱ ሰዎች ወሰዱት። ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው። ባሌ ስለሆነ ብቻ አይደለም።

ማክሰኞ ከኮምቦልቻ ወጣን። ከሚሴን፣ ካራቆሬን፣ አጣዬን በፍጥነት አለፍን። ካራቆሬ በ1953 ዓ.ም በመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ የተጎዳች ከተማ ናት፤ ስናልፍ የነበረውን ቤት የሚያይ ሰው አይጠረጥርም ነበር። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ስለከበደን ፓፓያ በልተን በዛፍ ጥላ ሥር አረፍን። እሱ አሥር ደቂቃ ተኛ። የሹፌር እንቅልፍ ነው፤ በተቀመጠበት፣ አንድ ዓይኑ መኪናው ላይ።

ከዚያ ደብረ ሲና። ቆሎ ሻጮቹ መኪናው ሳይቆም ከበቡን። ባለቤቴ በዚህ በኩል በመጣ ቁጥር ኪሱ ውስጥ የደብረ ሲና ቆሎ ይኖር ነበር፤ ልጆቼ አባታቸውን ከመሳማቸው በፊት ኪሱን ይፈትሹታል። የገብስ፣ ሱፍ የተጨመረበት። ወረድኩና ራሴ መረጥኩ። አንዷ ልጅ “እማማ የኔን ግዙኝ፣ ትኩስ ነው” ስትል ሌላዋ በመስኮት በኩል ባለቤቴን ታቀምሰዋለች። ከሁለቱም ገዛን። ቅናት የሚመስል አንድ ነገር ለዓመታት በውስጤ ነበረ፤ እዚህ ተራራ ሥር ቆሞ፣ ከድካሙ መሀል ሳንቲም ቆጥሮ ለልጆቼ ቆሎ ሲገዛ አይቼው ስለማላውቅ። አሁን አየሁት። ብሩን ሲቆጥር፣ ከረጢቱን በኪሱ ሲከት፣ ኪሱን ከላይ ሲዳብሰው።

ጣርማ በር ላይ ጉም ይዞት ነበር። ከደብረ ሲና ወዲህ ያለው ዳገት ቀጥ ያለ ነው፤ ከታች የመጣህበት ቆላ ሲጠፋ፣ ከላይ የዋሻው አፍ ይወጣል። ዋሻውን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ነው የቆፈሩት፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ውስጡ ውኃ ያንጠባጥባል። ከመግባታችን በፊት ጥሩምባ ነፋ። ልማድ ነው። ወዲያ ማዶ ስንወጣ ብርዱ እንደ አዲስ መታን፤ ጭላዳዎቹ ሣሩን እየነጩ ከመንገዱ ዳር ተቀምጠዋል።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ መሽቶ ነበር። አዲስ አበባ ለመግባት 130 ኪሎ ሜትር ቀርቶን ነበር። በሥራ ዘመኑ ደብረ ብርሃን አድሮ አያውቅም፤ እዚህ የደረሰ ሹፌር ቤቱ ገብቷል ማለት ነው፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ይነዳል። እኔ “እዚሁ እንደር” አልኩት። አየኝና ምንም ሳይጠይቅ ወደ አንድ ሆቴል ግቢ ታጠፈ። ትልቋ ልጃችን ደወለች። “ደብረ ብርሃን ደርሳችሁ ታድራላችሁ? ሁለት ሰዓት እኮ ነው የቀራችሁ፤ ድስት ጥጄ እየጠበቅኋችሁ ነው” አለች። “አባትሽ ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ፣ ነገ ሸኖ ላይ ለቅበላው ቅቤ ገዝተን እንመጣለን” አልኳት። እኔ እኮ ናፍቄው የኖርኩት እንዲህ ያለውን ስልክ ነበር።

እራት ከበላን በኋላ ብርድ ልብስ ደርበን አልጋው ላይ ተቀመጥን። ደብተሬን አወጣሁና ከባቲ እስከ አሰብ ያለውን በቅደም ተከተል ንገረኝ አልኩት። ይናገራል፤ እጽፋለሁ። ውኃ የት እንዳለ፣ የት ላይ ቀን እንደማይነዳ፣ ዶቢ ላይ የጨው ሜዳው በጨረቃ እንዴት እንደሚያበራ። ቡሬ ላይ ሲደርስ አቆመ። “ከዚያ ወዲያ ድንበሩ ዝግ ነው” አለ።

“እስከሚያስኬደን እንሂዳ።”

“አሁን አይሆንም፤ በልጉ ገብቶ ሙቀቱ ይጀምራል። ኅዳር ላይ ነው የሚሻለው።”

“ኅዳር ይሁን” አልኩና ከላይ ጻፍኩት።

“ወንድምሽ መኪናውን ካዋሰን” አለ፤ ቀጥሎም የኋላው ሁለት ጎማ ለዚያ በረሃ እንደማይሆን፣ ቀድሞ መቀየር እንዳለበት፣ የውኃውን ፓምፕም ማሳየት እንደሚያስፈልግ ይዘረዝር ጀመር። እሱንም ጻፍኩት።